የአውራ ጣት ቦታ

ሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ዓመተ ምሕረት ነበር፤ እኔ ስልሳ ሰባት ዓመቴ። የያዙኝ ከአሶሳ ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ኬላ ላይ ነው። ባጃጅ ተሳፍሬ ጭኔ ላይ አረንጓዴ የቆርቆሮ ሣጥን ታቅፌአለሁ፤ እግሬ ሥር የመኪና ባትሪ አለ። ሣጥኑ የጥይት ሣጥን ነው። ባዶውን ገበያ ላይ የገዛሁት ነው፤ ለሥራዬ ከእሱ የተሻለ ቆርቆሮ አላገኘሁም። ከጎኑ ቀይና ጥቁር ሽቦ ወጥቷል፤ ውስጡ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይላል።

በዚያ ዓመት በመተከል በኩል የሆነውን ሁሉም ሰምቷል። በእኛም በኩል ሰው ጎረቤቱን በጎን ማየት ጀምሮ ነበር። እንደዚያ ባለ ጊዜ እንደዚያ ያለ ዕቃ ታቅፎ የመጣ ሽማግሌ ቢያዝ አይገርምም። እኔም ብሆን እይዘው ነበር። እስከዚህ ድረስ ቂም የለኝም።

ያጠፋው አፌ ነው። የኬላው ጠባቂ ራቅ ብሎ ቆሞ ውስጡ ምን እንዳለ ጠየቀኝ።

«ሰው ነው» አልኩት።

«ምን ሰው?»

«የሞተ ሰው።»

እውነቴን ነበር። ግን እውነት የሚነገርበት ቦታ አለው፤ ኬላ ከነዚያ አንዱ አይደለም። በሆዴ መሬት ላይ አስተኙኝ። ባጃጅ ነጂው አላውቀውም ብሎ ማለ። እሱም እውነቱን ነው፣ አያውቀኝም።

ይዤው የነበረውን እዚህ ልናገር፤ ያኔ የሚሰማኝ አላገኘሁም።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ አምጥተው እዚህ ካሰፈሯቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። መንደራችን ስም አልወጣለትም፤ እስከ ዛሬ በቁጥር ነው የሚጠራው። ያን ጊዜ የጤና ትምህርት የሚያስተምሩ የውጭ ሰዎች በመኪና እየመጡ፣ ነጭ አንሶላ ወጥረው ስላይድ ያሳዩን ነበር። ስላይድ ማለት ፊልም ነው፤ የክብሪት ሣጥን በምታህል የካርቶን ክፈፍ ውስጥ ያለ አንድ ሥዕል። ከኋላው መብራት፣ ከፊቱ ሌንስ ሲሆንለት አንሶላው ላይ ሰው አክሎ ይወጣል። እኔ ባትሪ ተሸካሚያቸው ነበርኩ። አንዲት ነርስ እጄ ለዕቃ እንደማያስቸግር አይታ ካሜራ አስያዘችኝና የመንደሩን ሰው አነሣሁ። ፊልሙን አገሯ ልካ አሳጥባ ታመጣው ነበር። ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ የተቃጠለውን ማሽንና ስላይዶቹን ለእኔ ጥለውልኝ ሄዱ።

ማሽኑን ሠራሁት። አምፖሉ እዚህ አገር የለም፤ የሞተር ሳይክል የፊት መብራት ገጠምኩለት፣ ብርሃኑን ወደፊት እንዲመልሰው ከጀርባው የተወለወለ ጭልፋ አደረግሁ። ማራገቢያውን ከተጣለ ኮምፒውተር አወጣሁ። ሥዕል የሚቀይረው ክንዱ ተሰብሮ ነበር። እሱን ብዙ ጊዜ አሰብኩበት፤ በኋላ ከአሮጌ መኪና ላይ የዝናብ መጥረጊያውን ሞተር አገኘሁ። የዝናብ መጥረጊያ መሄድና መመለስ ነው የሚያውቀው። ሲሄድ አንዱን ስላይድ ገፍቶ ያስገባል፣ ሲመለስ ያየነውን ስቦ ያወጣል። መቼ መሄድ እንዳለበት የሚነግረው ደግሞ የደወል ሰዓት ነው። ከሰዓቱ ጥርሶች በአንዱ ላይ ቀጭን መዳብ በየድኩበት፤ መዳቡ ዞሮ ሽቦውን በነካ ቁጥር ሞተሩ ይነሣል። ማንም አላስተማረኝም። ሦስት ክረምት ፈጀብኝ።

ለምን ደከምክ ለሚለኝ መልስ አለኝ። በመንደራችን ያረጀ ሰው ሲሞት፣ ተዝካሩ ዕለት አመሻሽ ላይ የምጠራው እኔ ነኝ። እነዚያ ሰዎች ሌላ ፎቶ የላቸውም። ልጆቹ አባታቸውን በሠላሳ ዓመቱ፣ አንሶላ ላይ ቆሞ ያዩታል። ማሽን የሚያዞር ሰው ግን ከኋላ ሆኖ የሰው ጀርባ ነው የሚያየው። ሟቾቹ የእኔም ሰዎች ናቸው። ማሽኑ ራሱን ከቻለ እኔ ከፊት ተቀምጬ ከሌላው እኩል አለቅሳለሁ ብዬ ነው። የተያዝኩ ዕለትም የምሄደው ለአንዲት ባልቴት ተዝካር ነበር። ልጆቿ አንሶላውን ወጥረው ሲጠብቁኝ አመሹ አሉ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በእሱ ላይ ነው። ስላይድ ማሽኑ ውስጥ የሚገባው በአናቱ ተዘቅዝቆ ነው። ሌንሱ ይገለብጠዋል፤ ቀና አድርገህ ካስገባኸው ሰውየው አንሶላው ላይ በአናቱ ይቆማል። ፊቱን በጀርባው ካደረግኸው ደግሞ ግራው ቀኝ ይሆናል። በጨለማ ይህን ሁሉ ማየት አይቻልም። ስለዚህ አንድ ጊዜ በብርሃን ታስተካክልና፣ ስታስገባው አውራ ጣትህ የሚያርፍበት ጥግ ላይ፣ በፊቱ በኩል ብቻ ነጥብ ታደርጋለህ። ነርሷ ናት ያሳየችኝ። የትም አገር ይህን ሥራ የሚሠራ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው አለችኝ። እኔ ነጥቡን የማደርገው በሴቶች ቀይ የጥፍር ቀለም ነው፤ ሲደርቅ ጉብ ስለሚል በእጅ ይታወቃል።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ መስኮት የለውም። የማዳበሪያው ሽታ መሬቱ ውስጥ ገብቷል፤ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ሲግል ዓይን ያስለቅሳል። ስምንት ሰዎች ነበሩ። በሩ ሥር ቦታ የለቀቀልኝ ከጎንደር በኩል ተመድቦ የመጣ መምህር ነው። ሥነ ዜጋ ነው የሚያስተምረው። ሕገ መንግሥቱን በቃሉ ያውቀዋል፤ እየቆጠረ ይወጣውና ሲያልቅበት ከአንድ ይጀምራል። ሌሎቹ መጀመሪያ ይስቁበት ነበር አሉ፤ እኔ ስደርስ መሳቁን ትተውታል።

«አባባ፣ በምን ገቡ?» አለኝ።

«በሞተ ሰው።»

«ገድለው?»

«አሳይቼ።»

ትንሽ ፈቀቅ አለ። እስኪመለስ ሁለት ቀን ፈጀበት።

በሦስተኛው ቀን መርማሪው አስጠራኝ። ወጣት ነው፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ሲናገር ድምፁን የማያነሣ። ወንበር ስጡት አለ፤ ከመስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። ስላይዶቹን ጠረጴዛው ላይ በመደዳ ደርድሯቸዋል። እጅ ስለመታጠብና ስለ ዝንብ የሚያስተምሩትን ወደ ጎን አድርጓል፤ ነጥብ የላቸውማ፣ ለተዝካር ማን ዝንብ ያሳያል? የመንደሩን ሰው ብቻ ነው ፊቱ ያደረገው። ሁሉም ጥግ ላይ ቀይ ነጥብ አለ።

ሣጥኑ ቦምብ አለመሆኑን የሚያውቅ ሰው ፈትቶ አይቶታል፣ እሱን ይተዉት አለኝ። ስለ ሣጥኑ የፈራሁት ሁሉ በዚያች ቃል አለፈ። ቀጥሎ ግን ሰዎቹን በቀይ ምልክት ያደረገባቸው ማን እንደሆነ ጠየቀኝ። እኔ ነኝ አልኩት። ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ፣ ከላይ የጻፍኩትን ነገርኩት። አውራ ጣቴን አውጥቼ አሳየሁት። ሰማኝ። ከዚያ «አባባ፣ ሰው ፎቶ ላይ ቀይ ነጥብ የሚያደርገው ለመበቀል ነው ወይም ለመመልመል» አለኝ። ማሽኑን አምጣልኝና በዓይንህ እይ አልኩት። ማሽኑ ኤግዚቢት ነው፣ አይነካም አለኝ።

አንድ በአንድ ያነሣል፣ ይህ ማን ነው ይለኛል። ሞቷል እላለሁ። ይቺስ? ሞታለች። ይሄኛው? በወባ፣ በዘጠና ዓመተ ምሕረት ግድም። እሱ ይጽፋል። አብዛኛው እውነት ነበር። ሠላሳ ስድስት ዓመት እኮ ነው።

ከዚያ አንዱን አነሣና ከጀርባዬ ወዳለው መስኮት፣ በራሴ ላይ አሻግሮ አየው። እኔ ቀና ብዬ ስላይዱን ከወዲህ አየሁት። ቀዩ ነጥብ ወደ እኔ ዞሯል። ያኔ ምንም አላሰብኩም፤ ያየሁት ማን እንደሆነ ብቻ ነው።

የበርታ ሰው ነው። ወደዚህ አገር ስንመጣ ሁለታችንም ወጣት ነበርን። ከመኪና አውርደው በረሃ ላይ በተኑን፤ ውሃ አገኘን ብለን ጎንበስ ስንል ከቀርከሃው ውስጥ ወጥቶ በዱላው መሬቱን መታና በተሰባበረ አማርኛ «ይህ ውሃ አትጠጣ፣ ሞት ነው» አለን። የሚጠጣውን አሳየን። በማግስቱ አንድ ቁና ማሽላ ተሸክሞ መጣ። እኔ የመንደሩ ዘብ ሆኜ ጠመንጃ ተሰጥቶኝ ነበር። ካሜራውን የያዝኩ ጊዜ፣ ያንተን ጠመንጃ ይዤ አንሣኝ ብሎ ለመነኝ፤ ሰጠሁት፣ አነሣሁት። እንግዲህ ሥዕሉ ያ ነው፦ ጠመንጃ የያዘ፣ ጥርሱ እስኪታይ የሳቀ፣ አንድ ጆሮው ጫፉ የተቀደደ ጎልማሳ።

«ይሄስ?» አለኝ መርማሪው።

በሕይወት አለ። ከአሶሳ የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ፣ በራፉ ላይ ማንጎ ያለው ቤት ውስጥ። በዚያ ዓመት አንድ የበርታ ሰው ጠመንጃ ይዞ፣ ቀይ ነጥብ ተደርጎበት፣ መርማሪ ጠረጴዛ ላይ ቢገኝ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም።

«ሞቷል» አልኩ።

«መቼ?»

«ቆይቷል።»

«ጆሮውን ምን ሆኖ ነው?»

በልጅነቱ ውሻ ነክሶት ነው አልኩት። ይህን ማለት አልነበረብኝም፤ የሞተ ሰው ጆሮ ለምን ያስጨንቀዋል ብዬ ነው የሚመስለኝ። እሱ ግን ስላይዱን ዝቅ አድርጎ ረዥም ነገር ጻፈ። ይህኛውን ከሌሎቹ ለይቶ በኪሱ ከተተው።

በአራተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ቆርቆሮው ላይ የምስማር ቀዳዳ አገኘሁ። አንድ ሰው ጠጠር ወትፎባት ነበር፤ አወጣሁት። ጠዋት ፀሐይ ግቢው ላይ ስትወጣ ክፍሉ ውስጥ ጨለማ ነው፤ በቀዳዳዋ የገባው ብርሃን ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ላይ አረፈ። የመምህሩን ነጭ ሸሚዝ አስወልቄ ሰቀልኩበት። ግቢው በሙሉ ወጣ። ሰማዩ ከታች፣ መሬቱ ከላይ፤ ዘቡ በአናቱ ተዘቅዝቆ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ዛፏ ቅጠሏን ወደ መሬት ጥላ ቆማለች።

ስምንቱም ተጠጉ። አንዱ አማተበ።

መምህሩ ለረዥም ጊዜ አየና «አባባ፣ ያ ቀይ ነጥብ ለዚህ ነው?» አለኝ።

«ለዚህ ነው።»

«ታዲያ ይሄን ያሳዩት እንጂ።»

«የተዘቀዘቀ ነገር ለሚሠራ ሰው የተዘቀዘቀ ነገር ምን ያሳየዋል?» አልኩት። በሕገ መንግሥቱ ውስጥ የቱ አንቀጽ ላይ እንዳለ ሲፈልግ ዋለ መሰለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ጠዋት ጠዋት ሸሚዙን ራሱ ያወልቅ ነበር። ሌላ የሚታይ ነገር አልነበረንም።

በስድስተኛው ቀን ግቢውን አቋርጦ የሚመጣ ሰው ሸሚዙ ላይ አየሁ። ፊቱ አይለይም፤ ጣት የምታህል ነገር ናት፣ ያውም የተዘቀዘቀች። አካሄዱን ግን በደንብ አወቅሁት። የቀኝ እግሩን ትንሽ ይጎትታል፤ ጉድጓድ ስንቆፍር ከእኔ ጋር ሆኖ የተጎዳው ነው። በእጁ በሰማያዊ ጨርቅ የተቋጠረ ምሳ ዕቃ ይዟል። ሞቷል ያልኩት ሰው በእግሩ መጥቶ እስር ቤቱ ግቢ ውስጥ ቆሟል።

ከእሱ አምስት እርምጃ ርቆ አንድ ሰው በስልክ ያወራል። የተተኮሰውን ሸሚዙን አወቅሁት። ኪሱ ውስጥ ያለውንም አውቀዋለሁ።

ዘቡ በሩን መታ፤ ስሜን ጠርቶ ምግብ መጥቶልሃል አለኝ።

«ከማን?»

«ወንድሙ ነኝ የሚል ሰውዬ።»

ሊያናግረኝ ከፈቀዱለት ስሙን ያስመዘግባሉ፣ መታወቂያውን ያያሉ፣ ፊቱን ያያሉ። የማስብበት ጊዜ አልነበረኝም። ቆርቆሮውን አልፎ እስኪሰማ ድረስ ጮክ ብዬ ተናገርኩ።

«አላውቀውም። የማላውቀውን ሰው እጅ አልበላም። መልሱለት።»

በዚህ አገር የመጣልህን ምግብ ክዳኑን ሳትከፍት መመለስ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ወይ መርዘህብኛል ብለኸዋል፣ ወይ ሰው አይደለህም ብለኸዋል። እሱ ደግሞ በዚያ ዓመት፣ የእሱ ወገንና የእኔ ወገን ዓይን ለዓይን በማይተያይበት ጊዜ፣ የሰው ሁሉ ፊት እያየው ያን መንገድ መጥቶልኛል።

ሸሚዙ ላይ አየሁት። ቆመ። ዘቡ ምሳ ዕቃውን ዘረጋለት። ወዲያው አልተቀበለውም። በኋላ ተቀበለና ዞረ፤ እግሩን ወደ ሰማይ አድርጎ፣ ቀኙን እየጎተተ፣ ከሸሚዙ ጠርዝ ወጣ።

መርማሪው ከስልኩ ቀና አላለም።

መምህሩ «ለራስዎ ባይፈልጉት እኛ እንበላው ነበር እኮ» አለኝ። ተቆጥቶ ነው፤ ለእሱ የሚያመጣለት ሰው በዚህ አገር የለውም።  በነጋታው ዘቡ ቀዳዳዋን አገኛትና በጭቃ ደፈናት።

ወረቀቱ የመጣው ከዚያ ከሳምንት በኋላ ነው። መርማሪው ወንበር ሰጠኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ። ቃልዎ ነው፣ እዚህ ጋ አሻራዎን ያሳርፉና ይሄዳሉ አለኝ። የቀለሙን ስፖንጅ አቀረበልኝ። ፊደል የማልቆጥር መስሎታል።

አነብበዋለሁ አልኩት።

እኔ ፊደል የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፣ ጎልምሼ። ማንበብ እችላለሁ፤ ነገር ግን እያንዳንዷን ፊደል በጣቴ ይዤ፣ ድምፄን አውጥቼ ነው። አንድ ገጽ ነበር። ሰዓቱን ሲያይ አየሁት። ሻዩ በረደ። አንዴ እኔ ላንብብልዎ አለኝ፤ አይሆንም አልኩት። ግማሽ ላይ ስደርስ ስልኩ ጠራ፣ አላነሣውም። እኔም አልተቻኮልኩም። አሻራዬ የሚያርፍበትን ነገር ሳላውቅ አላደርግም፤ ጊዜ እንደሆነ እነሱ ናቸው የሰጡኝ።

ወረቀቱ እነዚያን ሰዎች «በቀይ ምልክት የለየኋቸው አባሎቻችን» ይላል። የምን አባል እንደሆኑ አይልም፤ ቦታው ባዶ ነው፣ በኋላ ይሞላል። ከዚያ ወደ ታች ስወርድ እንዲህ የሚል አገኘሁ፦ «መሣሪያ የታጠቀ፣ የቀኝ ጆሮው ጫፍ የተቀደደ፣ ሞቷል የተባለው ግን ያልተረጋገጠ።»

ቀኝ የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ፊደል የተሳሳትኩ መስሎኝ ነበር።

የወዳጄ የተቀደደ ጆሮ ግራው ነው።

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ስላይዱን ወደ መስኮቱ ሲያነሣ ቀዩ ነጥብ ወደ እኔ ዞሮ ነበር። በጀርባው ነው ያየው። ነጥቡ ለምን እንደተቀመጠ ቢያምነኝ ኖሮ ወደ ራሱ ያዞረው ነበር፤ ግራውን ግራ ብሎ ይጽፍ ነበር። ስላላመነኝ ቀኝ ጆሮው የተቀደደ ሰው ሲፈልግ ሰነበተ። እንዲህ ያለ ሰው በዚህ አገር የለም። ወዳጄም ያን ዕለት አጠገቡ ቆሞ ነበር፤ ቀና ብሎ ቢያየው እንኳ ላያውቀው ይችል ነበር። ምሳ ዕቃውን የመለስኩት በከንቱ ነው። ወይም በከንቱ አይደለም፤ ፊት ፊት ነውና። ይህን እስከ ዛሬ አላውቀውም።

መርማሪው ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አለ። ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አደረገው።

«አባባ፣ ስለ ቀዩ ነጥብ የነገሩኝን አስቤበታለሁ። እውነትዎን ሊሆን ይችላል። ግን ተጽፏል፣ ወደ ላይም ሄዷል። እስቲ አሁን ለእኔ ብቻ ይንገሩኝ፣ ምንድን ነው?»

«ቀይ ነጥብ ነው» አልኩት።

ሌላ አልጨመርኩም። አሥር ቀን ሙሉ ስሙኝ ብዬ የለመንኩበትን ነገር፣ ሊሰማኝ በፈለገ ሰዓት ዋጥኩት። ወረቀቱንም ገፋሁለት። ሁሉም ሞተዋል ካሉ ቢፈርሙ ምን ይጎዳዎታል አለኝ። «ሙታን ከሆኑ አንተስ ምን ያደርጉልሃል፣ ልጄ?» አልኩት።

ተነሥቶ ወጣ። ትሁት ልጅ ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ የሚሆነውን ማየት አይወድም። ሁለት ሰዎች ገቡ። ቡጢ ጨበጥኩ። ጣቶቼን ሊከፍቱ ሞከሩ። ወረቀቱ ላይ ብዙ ቀለም ፈሰሰበት፤ አሻራ ግን አላረፈበትም። የቀኝ አውራ ጣቴ ከዚያ ወዲህ አይታጠፍም። መምህሩ በሸሚዙ እጅጌ አሰረልኝ፤ ስለ አካል ደኅንነት የሚለውን አንቀጽ ግን ያን ቀን አልጠራውም።

በሃያ ሁለተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሂድ አሉኝ። ለምን እንደያዙኝ እንዳልነገሩኝ ሁሉ ለምን እንደለቀቁኝም አልነገሩኝም። ስላይዶቹን በፌስታል ሰጡኝ። ከክፈፋቸው የተፈለቀቁ አሉ። የዚያች ባልቴት ከመካከላቸው የለችም፤ ልጆቿ እናታቸውን ዳግም አላዩም። የወዳጄም አልተመለሰም። ማሽኑን አልሰጡኝም፤ ባትሪው ዘበኞቹ ክፍል ውስጥ ሬዲዮ ሲያሠራ አይቼዋለሁ። መምህሩ እኔ ስወጣ እዚያው ነበር። በኋላ ጠየቅሁ፤ ወደ አገሩ ሄዷል ያለኝ አለ፣ አላውቅም ያለኝም አለ።

ይህ ሁሉ ካለፈ ዓመታት ሆነ። ሌላ ማሽን አልሠራሁም። ሰው ሲሞት አሁንም ይጠሩኛል፤ ስላይዱን ወደ ፀሐይ ይዤ ልጆቹን ተራ በተራ አሳያለሁ፣ ክብሪት ሣጥን የምታህል አባት። ነጥቡ ላይ አውራ ጣቴን ላሳርፍ ስል እምቢ ይለኛል፤ በሌባ ጣቴ ለምጃለሁ። ከወዳጄ ጋር እንጠያየቃለን፤ ለዒድ ይጠራኛል፣ ለፋሲካ እጠራዋለሁ። ይቅር ብሎኝ ይሁን አይሁን ጠይቄው አላውቅም። ምግብ ይዞ ወደ ቤቴ መጥቶ ግን አያውቅም፣ እስከ ዛሬ። አልወቅሰውም። የሰው ስም እዚህ ያልጠራሁትም ለእሱ ስል ነው።

የተፈታሁ ማግስት ያደረግሁትን ልናገርና ልተው።

ጠዋት ተነሥቼ በእግሬ ሄድኩ። በራፉ ላይ ካለው ማንጎ ሥር ተቀመጥኩ። ሚስቱ አየችኝና ገባች። ፀሐይ ጥላውን አልፋ እግሬ ላይ እስክትደርስ ቆየሁ። በኋላ ወጣ። እጁን አልሰጠኝም።

«አንተ እኔን አታውቅም» አለ።

«ሞቷል ብዬአቸው ነበር» አልኩት። «ያ ጠመንጃ የያዝክበት ሥዕል እጃቸው ገባ።»

ቆሞ አየኝ። ጣቴን አየ። 

«ወላሂ፣ ሚስት ነው ያን ቀን በጨለማ ተነሥቶ የሠራው» አለኝ። «ምግብ ተመልሶ ሲመጣ አየ። ቁጭ ብሎ አለቀሰ።»

 ይቅርታ ልል ሄጄ ነበር፤ አፌ ኬላ ላይ እንደዚያ የፈጠነው እዚህ እምቢ አለኝ።

«ያንኑ አምጣልኝ» አልኩት።

ገባ። ቆይቶ ያንን ምሳ ዕቃ ይዞ ወጣ፤ በዚያው ሰማያዊ ጨርቅ ተቋጥሯል። መሬት ላይ አስቀመጠልኝና አጠገቤ ሳይቀመጥ ቆመ። ቋጠሮውን ለመፍታት ጊዜ ወሰደብኝ፤ አላገዘኝም። የማሽላ ገንፎ ነው፣ ከባሚያ ወጥ ጋር፣ ከትናንት ራት ያደረ፣ የቀዘቀዘ። እሱ ቆሞ እያየኝ በግራ እጄ በላሁት። ጥጉን ሁሉ ጠረግሁት። ከዚያ ባዶውን ምሳ ዕቃ በጨርቁ መልሼ ቋጥሬ በሁለት እጄ ሰጠሁት።